ክንፉን እንሥራው ወይስ እንግዛው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሙከጡሪና በለሚ በኩል የሚጓዝ መንገደኛ የጀማን ሸለቆ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ሲጨርስ የመርሐቤቴዋን ዓለም ከተማ ያገኛታል። በዚህ አገር ሜዳው ሲያልቅ ገደል ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያርገበግቡ፣ እየዞሩ ወደ ላይ ሲወጡ ማየት ለከተማዋ ልጅ ብርቅ አይደለም። ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል ሙልክ ውስጥ የወፎችን በረራ እንድናስተውል ያሳስበናል። እኛ ግን ይህን ምዕራፍ ለዓመታት እያስቀራን፣ ከመስጊድ ስንወጣ ወፎቹን ቀና ብለን ሳናይ እናልፍ ነበር። ያስተዋላቸው አንድ ተማሪያችን ነው።

እኛ በሥራ ቀናት በመንግሥት ትምህርት ቤት ፊዚክስ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በመድረሳ ልጆችን የምናስተምር ነን። ይህ ወጣት በሁለቱም ቦታ ተማሪያችን ነው። ባለፈው ዓመት አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ፣ አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ በር ላይ ጠብቆን፣ «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር። አውሮፕላን ልሠራ አስቤአለሁ። ካልሆነም ተገጣጣሚውን ከውጭ አስመጥቼ እገጣጥመዋለሁ። የትኛው ይሻላል?» አለን።

እውነቱን ለመናገር ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም። ከኪሱ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ የክንፍ ንድፍ፣ የሞተር ዓይነትና የዋጋ ድምር ተጽፎበታል። በሳቃችን አፈርን። ልጁ የጠየቀን «ይቻላል ወይ?» ብሎ ሳይሆን «የትኛው ይሻላል?» ብሎ እንደነበረ የገባን ቤታችን ከገባን በኋላ ነው።

ነገሩን የልጅ ሕልም ነው ብለን እንዳንተወው ያደረገን በሦስተኛው ቀን በስልክ የደረሰን የድምፅ መልእክት ነው። ላኪዋ የልጁ ታላቅ እህት ስትሆን፣ በአንድ ዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗታል። «ኡስታዝ፣ ወንድሜ ለአውሮፕላን ብር ላኪልኝ ይለኛል። ለእማዬ ቤት ማሠሪያ ያጠራቀምኩት 200,000 ብር አለኝ። እሱ የሚለወጥበት ከሆነ እኔ ሁለት ዓመት ጨምሬ እሠራለሁ። እርስዎ ስጪው ካሉኝ እሰጠዋለሁ፤ ተዪው ካሉኝም እተወዋለሁ» ትላለች።

ከዚህ በኋላ ነገሩ የሚያስቅ አልሆነም። በአንድ በኩል የአንዲት እህት የአራት ዓመት ላብ፣ በሌላ በኩል የአንዲት እናት ጣራ፣ በመካከሉም የአንድ ወጣት ተስፋና ነፍስ ተቀምጧል። ይህ አማና ነው። ኢስቲኻራ ሰገድን። ከዚያም ልጁን ጠርተን ደብተር ከፈትን፤ ገጹንም በሦስት ዓምድ ከፈልነው። በአንደኛው «የተሠራውን መግዛት»፣ በሁለተኛው «ተገጣጣሚውን መግዛት»፣ በሦስተኛው «ከባዶ መሥራት» ብለን ጻፍንበት።

አንደኛው ዓምድ ቶሎ አለቀ። ሴስና 172 የሚባለው ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ከ44,000 በላይ የተሠራ ሲሆን፣ በዓለም ላይ እንደሱ በብዛት የተሠራ አውሮፕላን የለም። አዲሱን ለመግዛት ዛሬ ከ400,000 ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ ያገለገለውም ቢሆን በብዙ አሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። የገዛ ሰው ጥቅሙ ወዲያውኑ ወደ መብረሩ መሄዱ ነው። አካሉም ሞተሩም በፋብሪካ ተፈትሿል፤ ስህተቱም ከእሱ በፊት በነበሩ ብዙ ሺህ አብራሪዎች ታውቋል። ነገር ግን ከግዢው በኋላ ነዳጁ፣ ማቆሚያው፣ ምርመራውና መለዋወጫው አለ። ልጁ ዜሮዎቹን በጣቱ ቆጠረና ዓምዱን በራሱ እጅ ሰረዘው።

ሁለተኛው ዓምድ የልቡ ማረፊያ ነበር። ተገጣጣሚ አውሮፕላን ማለት ክንፉ፣ ጭራውና አካሉ በፋብሪካ ተቆርጦና ተበስቶ፣ በሳጥን ታሽጎ የሚመጣና ገዢው መመሪያውን እያነበበ በገዛ እጁ የሚገጥመው ነው። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው ቫንስ ኤርክራፍት የሚሸጣቸው አርቪ የሚባሉት ተገጣጣሚዎች ብቻ ከ10,000 በላይ የሚሆኑት ተገጥመው በረዋል። እንግዲህ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ዳሩ ግን ሳጥኑ ውስጥ የሌለው ብዙ ነው። ሞተሩ፣ ውልብልቢቱና የበረራ መሣሪያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ይገዛሉ። በቀላል አውሮፕላኖች ላይ የሚገጠመው ሮታክስ 912 ሞተር ብቻውን 20,000 ዶላር ገደማ ያወጣል። በዚህ ላይ የውጭ ምንዛሪው፣ የመርከቡ ጭነት፣ ከጅቡቲ እዚህ ድረስ ያለው መጓጓዣና ቀረጡ ይደመራል። ድርጅቱም ቢሆን የማይናወጥ ዓለት አይደለም። ይኸው ስመ ጥር ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ለፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ አመልክቶ፣ ቀብድ ከፍለው ይጠባበቁ የነበሩ ደንበኞች ጭማሪ እንዲከፍሉ ተጠይቀዋል።

ከብሩ ይልቅ ልጁን ዝም ያሰኘው የሰዓቱ ሒሳብ ነው። እንዲህ ያለውን አውሮፕላን ለመገጣጠም 1,500 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። 1,600 ሰዓት እንያዝ። በሳምንት 8 ሰዓት የሚሠራ ሰው 200 ሳምንት፣ ማለትም አራት ዓመት ያህል ያስፈልገዋል። «እህቴ የሠራችውን ያህል ማለት ነው» አለ በዝግታ። እኛም ዝም አልን፤ ምክንያቱም ይህን እኛ ብንለው ስድብ ይሆንበት ነበር።

ወደ ሦስተኛው ዓምድ ስናልፍ ፊቱ በራ። «አቶ አስመላሽ ዘፈሩ ሠርቶ የለ?» አለን። እውነት ነው። አቶ አስመላሽ ቁመቱ ለአብራሪነት ትምህርት ከሚፈለገው በ1 ሳንቲ ሜትር አንሶ እንደቀረ ተዘግቧል። እሱ ግን መጻሕፍትንና በኢንተርኔት የሚገኙ የትምህርት ቪዲዮዎችን እያጠና፣ የአሮጌ ፎልክስቫገን ሞተር ገጥሞ፣ ኬ-570ኤ የተባለች አውሮፕላን ሠራ። 570 ሥራው የፈጀበት ቀን ነው፤ «ኬ»ም የእናቱ ስም የኪሮስ የመጀመሪያ ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ያደረገው የመጀመሪያ የበረራ ሙከራ ግን አልተሳካለትም። ልጁ ይህንንም ያውቃል። «ባይበርም ሠርቶታል» አለን። ይህችን ቃል በልባችን ያዝናት።

ከዚህም ጥንታዊ የሆነ ታሪክ በአገራችን አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1935፣ የጣሊያን ወረራ በተጀመረ በሦስተኛው ወር፣ በአዲስ አበባ የተሠራች አንዲት ትንሽ አውሮፕላን በረረች። የሠራት ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ ሲሆን፣ ስሟም በንጉሡ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለ። ወራሪው ወደ ሮም ወሰዳት፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም በጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ቆይታ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ሆኖም እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለብን ነገር አለ። አካሏ አዲስ አበባ ይሠራ እንጂ ዋልተር ቬኑስ የተባለው ባለ 115 የፈረስ ጉልበት ሞተሯ በቼኮስሎቫኪያ የተሠራ ነው። እንደዚሁም በ1980ዎቹ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለሙያዎች አግ-ካት የተባለውን የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን ከአሜሪካው ሽዋይዘር ጋር ተስማምተው አዲስ አበባ ላይ እየገጣጠሙ «እሸት» የሚል ስም ሰጥተውታል። እነሱ ግን ይህን የጀመሩት አውሮፕላን ሲጠግኑና ሲፈቱ አርባ ዓመት ከቆዩ በኋላ ነው።

እንግዲህ «መሥራት» እና «መግዛት» የምንላቸው ነገሮች በወረቀት ላይ እንደለየናቸው የተለያዩ አይደሉም። የሚሠራም ይገዛል፤ የሚገዛም ካልተማረ የገዛውን አይዝም። ልዩነቱ ሰውየው በየትኛው ደረጃ ላይ እጁን እንደሚያስገባ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የራሳችንን አየር ለካን። ዓለም ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል፤ አየር ሲሳሳ ደግሞ ተራ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ 40 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር እዚህ ወደ 30 ይወርዳል። ልጁ በወረቀቱ ላይ ያሰበው የባጃጅ ሞተር ደግሞ ከመነሻው 10 ገደማ ነው። መሳሳቱ የሚጎዳው ሞተሩን ብቻ አይደለም፤ ክንፉም በሳሳ አየር ለመነሳት የበለጠ መፍጠን፣ ለመፍጠንም ረጅም ሜዳ መሮጥ አለበት። በእኛ አገር ደግሞ ሜዳው ሲያልቅ ምን እንዳለ ተናግረናል። ልጁ ሒሳቡን ራሱ ሠርቶ ውጤቱን አሰመረበት። ከዚያም ደብተሩን አጥፎ ሄደ። ለሁለት ሳምንት ያህል ከሰላምታ በስተቀር ቃል አልተነፈሰንም።

እነዚያ ሁለት ሳምንታት ከበዱን። ትክክለኛ ቁጥር አሳይተን የልጅ ልብ ሰብረን ይሆን እያልን እናስብ ነበር። በመጨረሻም ሌላ ነገር አልነበረንምና በመድረሳ የሰማነውን የሁለት ሰዎች ታሪክ ልንነግረው ጠራነው።

አንደኛው የኮርዶባው ዐባስ ኢብኑ ፊርናስ ነው። እ.ኤ.አ. በ887 ያረፈው ይህ ሊቅ ከድንጋይ መስታወት የሚወጣበትን ጥበብ ያወቀ፣ የውኃ ሰዓት የሠራ ሰው ነው። አል-መቀሪ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ እንዳቆየልን ክንፍ አበጅቶ ጥቂት ርቀት ከበረረ በኋላ ሲያርፍ ጀርባው ተጎዳ። ምክንያቱም ወፍ ስታርፍ ጭራዋን እንደምትጠቀም ልብ ሳይል ጭራ አላበጀም ነበር። ሁለተኛው የዛሬ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በኒሻፑር የነበረው አል-ጀውሀሪ ነው። «አስ-ሲሓሕ» የተባለውን ታላቅ የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ ዐሊም ነበር። እንደሚተረከው በሕይወቱ መጨረሻ ሁለት ክንፍ አስሮ ከመስጊድ ጣራ ላይ ዘለለና ሞተ። ሁለቱም ዕውቀት ያላቸው ናቸው፤ ሁለቱም መብረር ፈለጉ። አንደኛው የበረራን ነገር መርምሮ ሲሳሳት እንኳ ለተከታዮቹ የጭራን ትምህርት ትቶ ሄደ። ሁለተኛው ግን በቃላት የሠራውን ጥንቃቄ በክንፉ ላይ አላደረገውም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ላለው ሰው በቅድሚያ እንዲያስራት፣ ከዚያም እንዲመካ አስተምረውታል። ተወኩል ማለት ገመዱን መተው አይደለም።

ከዚያም አንድ ጥያቄ ጠየቅነው። በአሜሪካ ሕግ ሰው በራሱ የሚሠራው አውሮፕላን ልዩ ፈቃድ የሚያገኘው ከሥራው ከግማሽ በላይ የሆነውን ግለሰቡ ራሱ ሲሠራና፣ የሠራውም ለመማሪያነት ወይም ለመዝናኛነት ሲሆን ነው። ከዚህም በኋላ ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ 25 ወይም 40 ሰዓት በተወሰነ ክልል ውስጥ እንዲፈተን ይደረጋል። በእኛም አገር የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሳይመዘግበውና ለበረራ ብቁ መሆኑን ሳያረጋግጥለት፣ አብራሪውም ፈቃድ ሳይኖረው የሚነሳ አውሮፕላን ሊኖር አይገባም። ይገርማል! የዓለም ሕግ ሳይቀር ስለ ብረቱ ከመመርመሩ ጋር ስለ ሰውየው ኒያ ይጠይቃል። «አንተስ ኒያህ ምንድን ነው? መብረር ነው ወይስ መሥራት? መብረር ከሆነ የሚያዋጣህ ገዝቶ ወይም በሌላ ሰው አውሮፕላን ተምሮ መብረር ነው፤ ከባዶ የሚሠራ ሰው ዓመታቱን የሚያሳልፈው መሬት ላይ ነው። መሥራት ከሆነ ደግሞ ዛሬም መጀመር ትችላለህ» አልነው።

ብዙ አሰበ። «እውነቱን ልንገርዎት ኡስታዝ፤ ከፍታ ያስፈራኛል» አለን። በዚህ ጊዜ ሁለታችንም ሳቅን፤ የመጀመሪያው ሳቃችን በዚህ ተካሰ። «እኔ የምወደው ሲገጣጠም ማየቱን ነው» አለ።

ለእህቱ መልሱን እንዲህ ብለን ላክን፦ «እህታችን፣ ገንዘብሽን ለእናትሽ ጣራ አድርጊው። ወንድምሽ አሁን የሚያስፈልገው ሞተር ሳይሆን መሠረት ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ወደ አውሮፕላን ጥገና ወይም ወደ ምሕንድስና ለመግባት ሲፈተን ያን ጊዜ ብታግዥው መልካም ነው። ሁለት ዓመት ስለመጨመርሽ ግን እኛ ፈቃጅ ልንሆን አንችልም።» እናቱም ወሬውን ሰምተው ኖሮ ወደኛ መጥተው፣ «ኡስታዝ፣ ጣራው ቢያፈስ እችለዋለሁ። ልጄ ከሰማይ ቢወድቅ ግን ምን ዘርግቼ እቀበለው ነበር?» ብለው አለቀሱ። እኛ የክንፍ ሒሳብ ስንሠራ የእርሳቸውን እንቅልፍ አልቆጠርንም ነበርና አፉ እንዲሉን ጠየቅናቸው።

ሥራው ግን አልቆመም። ልጁ ከሸምበቆ፣ ከአቡጀዴና ከኮላ የክንፉ ስፋት ሁለት ሜትር የሆነ ሞተር የሌለው አውሮፕላን ሠራ። ወጪው 600 ብር አልሞላም። በመጀመሪያ ቀን ከአንድ አውድማ ላይ ሲወረውረው አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀና አደረገና ቆሞ ወደቀ። ክብደቱ ወደ ኋላ አዘንብሎ ነበር። አንድ ክንፍ ተሰበረ። ልጁ ተቀምጦ ሰፋው፤ ከአፍንጫውም ላይ አሮጌ ቁልፍ አሰረበት። በሁለተኛው ሳምንት ከ40 እርምጃ በላይ ተንሳፎ ገለባ ላይ ሲያርፍ የመድረሳው ልጆች በሙሉ «አላሁ አክበር!» አሉ። የ200,000 ብሩ ሳጥን ቢመጣ ኖሮ ያ ቁልፍ ያስተማረውን በስንት እንማረው ነበር?

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችን ያልተለመደ ነገር ይዘው ሲመጡ ከሁለት አንዱን ማድረግ ይቀናናል። ወይ እንስቃለን፤ ወይ ፍቅር አሸንፎን ያለንን ሁሉ እናወጣለን። ሁለቱም ልጁን ብቻውን ጥለውት የሚሄዱ ናቸው። ደብተር ከፍቶ አብሮ መቀመጥ ግን ወጪው ጥቂት ነው። ነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ንጉሥ ሆነው ሳለ በእጃቸው ሥራ ይበሉ ነበር፤ ኑሕም (ዐ.ሰ.) መርከቡን ሲሠሩ ያለፈው ሁሉ ይስቅባቸው ነበር። እናንት ወጣቶችም፣ የምትመኙትን ነገር ከመግዛታችሁም ሆነ ከመሥራታችሁ በፊት ኒያችሁን ጠይቁ፤ ከዚያም የማን ላብ እንደሚከፈልበት ቁጠሩ።

ልጁ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። የእናቱ ቤት ቆርቆሮ ተመቷል። ሁለተኛው ክንፍ ከእኛ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኮላው እስኪደርቅ እየጠበቀ ነው። በዱዓችሁ አትርሱት።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።